የሚለቅ ቀለም

አሶሳ ውስጥ ሰው ሁሉ ወቅት የሚቆጥርበት የየራሱ ነገር አለው። ገበሬው ደመና ያያል። የመንግሥት ሠራተኛው ሐምሌ አንድን ይጠብቃል። ከመንጌና ከኩርሙክ ወርቅ ቋጥሮ የሚመጣው የግራሙን ዋጋ ይጠይቃል። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ የፈተና ፕሮግራም አያለሁ። ጎረቤቴ ሂና ሠሪዋ ግን ቀና ብላ ጨረቃ ትፈልጋለች። ረመዳን ሃያ ሰባተኛውን ሌሊት አለፈ ማለት ግቢው የእሷ ሆነ ማለት ነው፤ በሯ ላይ የሚከመረው ነጠላ ጫማ ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ መራመጃ ያሳጣናል።

ሥራዋን ከሩቅ ያየ ሰው ሥዕል መሣል ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ያየ ግን አብዛኛው ጥበቃ መሆኑን ይረዳል። ዱቄቱ በስስ ሻሽ ይነፋል፣ ይለወሳል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ ተሸፍኖ ያድራል። ነጋ ሲባል በላስቲክ ኮን ይሞላና ጫፉ በመቀስ ይቆረጣል። እሷ አንዱን እጅ በአበባና በሐረግ ሞልታ ለመጨረስ የሚፈጅባት ጊዜ እኔ አንድ ደብተር አርሜ ከምጨርስበት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው። ሴትየዋ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ሁለት እግሯን አንፈራጥጣ፣ ሊጡ እስኪደርቅ ለሰዓታት ትቀመጣለች። ስልኳ ቢጮኽ አታነሳም። ልጇ ስኳር ቢሰርቅ አትመታውም፤ ልጅ ደግሞ ይህንን ከማንም በፊት ያውቃል። አፍንጫዋን ቢበላት የሚያክላት ሰው ትለምናለች።

ይህ ሁሉ በባሎች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማየት ደስ ይላል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ አንድ የሠፈራችን ሰው፣ ከማፍጠሪያ በኋላ በፌስታል ሳምቡሳ ይዞ መጥቶ ሚስቱን ሲያጎርስ አግኝቼዋለሁ። እሷ ታዝዘዋለች፦ «ትንሽ ቁረሰው። አይ፣ እንደሱ አይደለም። ውሃ!» እሱ ውሃውን አቀበለ። እኔን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ትምህርት ጥራት አነሳብኝ።

ሂና ሙቀት ይወዳል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ጋር የሚጣበቀው ገላው ሲሞቅ በደንብ ነው፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ይበልጥ ይጠቁራል። ሊጡ ሲነሳ ብርቱካናማ ሆኖ ይታይና፣ የማታውቅ ሙሽራ «አልያዘም!» ብላ ታለቅሳለች፤ በማግሥቱ፣ በሁለተኛው ቀን አየር እያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት፣ የአሶሳ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ በምታንጫጫበት ወቅት፣ ጎረቤቴ አየሩን የምታማርር ብቸኛዋ ሰው አይደለችም፤ የማታማርረው ብቸኛዋ ሰው ናት።

ችግሩ ጨረቃና ፀሐይ አለመስማማታቸው ነው። የሒጅራው ዓመት ከእኛው ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ኢድ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በሠላሳ ሦስት ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ አዳርሶ ይመለሳል። በ2007 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር ሐምሌ ላይ ዋለ። ሐምሌ አሶሳን ለማያውቅ፦ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚወርድበት አገር ነው፤ ቀይ አፈሩ ጫማ ላይ ሲለጠፍ ሰውን በቁመት ያሳድጋል። ጎረቤቴ ያንን ኢድ ስታስታውስ አሁንም ፊቷን ታጠቁራለች። ግማሽ ሌሊት የደከመችበትን እግር ባለቤቷ ከበሩ ወጥታ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ከተተችው። የዘንድሮው፣ የ2018ቱ፣ ኢድ አልፈጥር መጋቢት ላይ ስለዋለ ሥራው ሸጋ ነው። ወደፊት ደግሞ ይብሳል፤ በጎውን ማለቴ ነው። ፈረንጆቹ በ2030 ዓመተ ምሕረታቸው ሁለት ጊዜ ረመዳን ይገባባቸዋል፣ አንዱ በጥር መጀመሪያቸው፣ አንዱ በታኅሣሣቸው መጨረሻ። ይህንን ነገርኳት። «በአንድ ዓመት ሁለት ኢድ?» ብላ ዓይኗ በራ። በእኛ አቆጣጠር ግን አንዱ 2022 ላይ፣ ሌላው 2023 ላይ ስለሚያርፍ ሁለት የለም አልኳት። «ኡስታዝ፣ አንተ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው አትወድም» አለችኝ።

ክርስቲያኑ ደንበኛዋ በበኩሉ ጥርን ይዞላታል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ማሽላው ተሰብስቦ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ከከተማው ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች፣ ከአምባ 14፣ ከመገሌ 32፣ ከሰልጋ 22፣ ሙሽሮች በባጃጅ ይመጣሉ። ቁጥር የስም ተቀጽላ የሆነው ሠፈራውን ያቀደው ሰው ስለቸኮለ ይመስለኛል፤ በ1970ዎቹ ከወሎ በድርቅ ተፈናቅለው ለመጡት ሰዎች ለእያንዳንዱ መንደር ስም ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። የእነዚያ ወሎዬዎች ልጅ ነኝና በወሎ ለሠርግ ሂና ሳይሆን እንሶስላ እንደሚሞቅ ከእናቴ ሰምቼ አድጌያለሁ። ሥሩ ተፈጭቶ፣ እጅና እግር ላይ ታስሮ፣ ጥፍሩ ቀይ ሆኖ ይነጋል። ሐረግ የለው፣ አበባ የለው፤ እጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አሁን መገሌ ያደገችው ሙሽራ እናቷ እንሶስላ ስትላት፣ በስልኳ የኻርቱምን ሙሽሮች ሥዕል አውጥታ «ይቺን» ትላለች። ጎረቤቴ ስልኩን ተቀብላ ታየውና፣ «ይቺኛዋ ጣቷ ረጅም ነው» ብላ በጨዋ ደንብ ዋጋ ትጨምራለች።

እናቴ ሂና ላይ ብዙ አስተያየት አላት፤ ምክንያቱም እሷ የምታውቀው ጌጥ አይታጠብም። አንገቷ ላይ ከጆሮ ግንዷ እስከ ደረቷ የሚወርድ ባለ ብዙ ረድፍ ንቅሳት አለ፤ መሐሉ ላይ እንደ ማርዳ ክብ ክብ እያለ ይዞራል። ግንባሯ ላይ መስቀል አለ። ድዷም ተነቅሷል፤ ስትስቅ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ሥር ያበራል፤ ይህንንም ስለምታውቅ ለጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሁሉ ንቀት አላት።

ነቃሿ የምትመጣው በበጋ ነበር፤ እህል ከተሰበሰበ፣ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ነገር ሲኖርና ቁስል ቶሎ ሲደርቅ። በክረምት ንቅሳት ይመግላል፤ ይህንን ሐኪም አልነገራቸውም፣ ጎረቤት አይተው ነው። መሣሪያዋ በክር አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ነበሩ፤ ቀለሙ ከኩራዝና ከምጣድ የተፈቀፈቀ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ። ልጅቷን አክስቶቿ ይይዟታል፤ አንዷ ጭንቅላቷን፣ አንዷ እጇን። እናቴ ስትተርከው የሚገርመኝ ሕመሙ አይደለም፣ ሰልፉ ነው። አንድ ዓይነት መርፌ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ልጃገረድ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ኋላ በ1990ዎቹ የኤድስ ትምህርት በየቀበሌው ሲሰጥና ንቅሳት ከጎጂ ልማዶች ጋር ተደርቦ በፖስተር ሲሣል፣ እናቴ ፖስተሩን አየችው፤ የተሣለችው ሴት ሥራ አልተዋጠላትም። «አንገቷ ላይ ያለው ተንጋዷል» አለች።

ለጌጥ ብቻ አልነበረም። እንቅርት በበዛበት አገር የአንገት ንቅሳት መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ አንዳንዷ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ውበት ይሁን ሕክምና ራሷም አለየችውም። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት መሆኑ ታውቆ፣ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጨው ነጋዴውና ነቃሿ ተቀናቃኝ መሆናቸውን ማን ገምቶ ያውቃል!

እንግዲህ ነቃሿ ሥራዋን ጨርሳ፣ ማሽላዋን በአህያ ጭና፣ ወደ ቀጣዩ መንደር ትሄዳለች። እዚህ ላይ ነው የእኔ የኢኮኖሚ ሐሳብ የሚጀምረው። ያቺ ሴት በሙያዋ እንከን የለባትም። የነቀሰችው አንገት ከአርባ ዓመት በኋላም፣ አሶሳ ድረስ ተሰዶ፣ አለ። ግን አንዱን አንገት ሁለተኛ ጊዜ አታገኘውም። አንድ ትውልድ ስትጨርስ ቀጣዩ እስኪያድግ መንከራተት ነው ዕጣዋ። ጎረቤቴ ግን ያለችበት አለች፤ ያው አጥሯ፣ ያው በሯ፣ ያው ነጠላ ጫማ። የሠራችው በሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ስለሚለቅ ደንበኛዋ በእግሯ ተመልሳ ትመጣለች።

በርታዎች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። አሶሳ ውስጥ ዕድሜ የገፋ የበርታ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስታዩ፣ በየጉንጩ ላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት ሦስት ብጣቶች ታያላችሁ። ቀለም የለውም፤ ምላጭ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ የአላህ ምልክት ነው ይላሉ፤ በዓረብኛ የተጻፈውን ስም ያየ ሰውም ቀጥ ብለው የቆሙትን ሦስት መስመሮች አያጣቸውም። የጎረቤቴ አያት፣ ሠፈሩ ሁሉ ሐቦባ የሚላቸው፣ እነዚህ ሦስት መስመሮች አሏቸው። የልጅ ልጆቻቸው የላቸውም። ባለፈው ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። መሣሪያው አሥር ጣታቸውን፣ ሁለት ዓይናቸውንና ፊታቸውን ወሰደ። ሐቦባ ሁሉንም በትዕግሥት ሰጡና፣ ሲያበቃ ለመዝጋቢው ልጅ በጥሞና እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ እኔኮ ፊቴ ላይ ተጽፏል። ከዚህ እስከ ኩርሙክ ማዶ ያየኝ ሁሉ የማን ልጅ መሆኔን ያውቃል። አንተ ይህን ሁሉ ወስደህ አሁንም ስሜን ጠየቅከኝ።» ልጁ ሳቀና ስማቸውን እንደገና ጠየቃቸው።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ ታቱ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌም በፒያሳም የታቱ ቤት መግባት ጸጉር ከመቆረጥ ብዙም የራቀ ነገር አይደለም፤ እዚህም ቢሆን መሣሪያውን በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። የሚንጫረረው መርፌ ዘሩ ከጽሕፈት መሣሪያ ነው፤ ኤዲሰን በ1876 እ.ኤ.አ. ለጽሑፍ ማባዣ ብሎ ያወጣውን የኤሌክትሪክ ብዕር መሠረት አድርጎ፣ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. የንቅሳት ማሽን ባለቤትነት መብት ወሰደበት። ደብዳቤ ሊያባዛ የተሠራ ነገር የሰው ክንድ ላይ ሲጽፍ መገኘቱ አይገርምም፤ የሚጻፈው ቃል ግን ከደብዳቤው ዘመን ጀምሮ ብዙ አልተለወጠም፤ ዞሮ ዞሮ የፍቅረኛ ስም ነው።

የአጎቴ ልጅ ግን ፍቅረኛ ስላልነበረው ግድቡን ተነቀሰ። ሌላው ክልል ስለ ሕዳሴ ግድብ ከቴሌቪዥን ይሰማል፤ ለእኛ ግን ግድቡ ያለባት ጉባ የክልላችን ወረዳ ናት፣ በመተከል በኩል። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ እሱ ገና ተማሪ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አዲስ አበባ ሄዶ ክንዱ ላይ ግድብ አሠራ፤ ከግድቡ ሥር ደግሞ፣ የዚያን ጊዜ ዜና ሁሉ ይለው እንደነበረው፣ «6,000 ሜጋ ዋት» አስጻፈ። ሲመለስ ቤተሰቡ ተቆጣ፣ ጓደኛው ቀና፣ እሱም ለወራት እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለበሰ። ግንባታው ግን ዓመታት ወሰደ፤ በመሐል የተርባይኑ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ወረደ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ የተነገረው አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የአጎቴ ልጅ ምርቃቱን ያየው ረጅም እጅጌ ለብሶ ነው። ወደ ጎረቤቴ አምጥቼ «ይህንን ማረም ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኳት። ክንዱን አገላብጣ አየችውና «በሂና ብትነግሩኝ ኖሮ በየዓመቱ አስተካክልላችሁ ነበር» አለች።

ይህ የማይለቅ ነገር እንዴት እንደማይለቅ ለማወቅ ሞክሬያለሁ። ሂና የሚያርፈው ላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ ያ ቆዳ ደግሞ እየረገፈ ስለሚታደስ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። የንቅሳት መርፌ ግን ከዚያ በታች ገብቶ ቀለሙን ያስቀምጣል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ የበሽታ መከላከያ ሕዋሶቹን ይልካል፤ እነሱም ቀለሙን ይውጡትና ማስወገድ አቅቷቸው ይዘውት ይቀመጣሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ማርሴይ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት ያገኙት ደግሞ፣ ቀለም የያዘው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን አዲስ የመጣው ሕዋስ ተቀብሎ እንደሚውጠው ነው። ጡረታ የወጣ ንብረት ክፍል ኃላፊ ማንም የማይፈልገውን የተሰበረ ወንበር ለተተኪው በሰነድ አስረክቦ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ተተኪውም መጣል አይችልም፣ መዝገብ ላይ አለ። በእናቴ አንገት ላይ ያለው ጥላሸት ከአርባ ዓመት በላይ ርክክብ ሲደረግበት ኖሯል። ይህንን ሳስረዳት፣ «ታዲያ እኔ ምን አደረግኋቸው?» አለች።

ሃይማኖት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሳይንስ ቀደም ብሎ ተናግሯል። ዘሌዋውያን 19፥28 በገላችሁ ላይ አትነቀሱ ይላል። በእስልምናም ንቅሳት የተነቀፈ ነው፤ ሂና ግን ተፈቅዷል። ሁለቱም ወገን ይህንን ያውቃል፤ ግን ክርስቲያኗ እናቴ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀል ነው። ሕጉን የጣሰችው በሕጉ ባለቤት ምልክት ነውና ማን ይቆጣታል? ካህኑ ጸበል ሲረጩ እዚያው መስቀሏ ላይ ይረጩላታል።

ከተማ የገባችው የአክስቴ ልጅ ግን የራሷን ንቅሳት ልታስጠፋ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። አዲስ አበባ በጨረር የሚያጠፉ ክሊኒኮች አሉ፤ በአንድ ጊዜ አይለቅም፣ ተመላልሶ ነው፣ ያማልም። ለመነቀስ አንድ ቁና እህል ከፍሎ፣ ለማስጠፋት የወራት ደመወዝ መክፈል ነው። ከአሶሳ የሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ እሷና አዲስ ታቱ ሊያሠራ የሚሄድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሄዱ ሳስበው ያስቀኛል። ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አብረው ተጉዘው፣ እሱ ሊያስገባ፣ እሷ ልታስወጣ። እዚያው መኪና ውስጥ ቢወራረሱ ኖሮ የትራንስፖርቱ ወጪ ይተርፍ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ሥራዋ በሰላም ሲሄድ ሳለ ውድድር መጣባት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ገባ። ለክልሉ ስደተኛ አዲስ አይደለም፤ የሸርቆሌ መጠለያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አሁን ደግሞ ኡራ ተጨመረ። ከመጡት መካከል ሂና ሙያዋ የሆነች ሴት ነበረች። በጎረቤቴ ቋንቋ «የኻርቱም እጅ»። አበባዋ ሌላ ነው፣ ፍጥነቷ ሌላ ነው፣ የእግር ጌጥዋን ከጣት ጀምራ እስከ ቅልጥም ስታወጣው መስመሩ አይቆራረጥም። የጎረቤቴ ደንበኞች ለጨዋታ ያህል አንድ ጊዜ ሄደው ማየት ጀመሩ።

ጎረቤቴ ሦስት ቀን ያህል አኮረፈች። ከዚያ ሳህን ሙሉ ማንጎ ይዛ ልትጠይቃት ሄደች። ሲመለሱ ሁለቱ አብረው ነበሩ። አሁን ኢድ ሲደርስ አንዷ እጅ ትሠራለች፣ አንዷ እግር። ሙሽራ ስትመጣ ደግሞ ሙሽራውንም ያስመጡታል፤ በሱዳን ልማድ ወንዱም በሠርጉ ዋዜማ መዳፉን ሂና ይቀባል። ከእኛ ትምህርት ቤት አንዱ መምህር እንዲህ ተሞሽሮ ሰኞ ሥራ ሲገባ ተማሪዎቹ መዳፉን እያዩ አንድም ጥያቄ ሳይመልሱ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ነጩ ጠመኔ በጥቁሩ መዳፍ ላይ ያምር እንደነበር እኔም አልክድም።

ሁለቱ ሴቶች የተጣሉበት አንድ ነገር ጥቁሩ ሂና ነው። ደንበኛ ቶሎ እንዲጠቁር ትፈልጋለች፤ ቶሎ የሚያጠቁረው ደግሞ የጸጉር ቀለም ሲደባለቅበት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ የአበባውን ቅርጽ እንደያዘ ጠባሳ የሚተውበት ጊዜም አለ። የኻርቱሟ ሴት አገሯ ላይ ጉዳቱን ስላየች አልነካም ትላለች። ጎረቤቴ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብላ ነበር፤ አንዲት ልጅ እጇ አብጦ እናቷ ግቢው ድረስ መጥታ ከጮኸች በኋላ ግን ንጉሡን ከዙፋኑ አወረደችው። አሁን ጥቁር የሚጠይቃትን ሁሉ «ታገሺ፣ ነገ ይጠቁራል» ትላለች።

ግንቦት ሲያልቅ ሥራው ይቀዘቅዛል። ማንጎው በየግቢው ይረግፋል፤ የሚገዛው ጠፍቶ ልጆች እየተወራወሩበት፣ መንገዱ ይጣፍጣል፣ ዝንቡ ይነግሣል። ከዚያ ዝናቡ ይጸናል፤ ጫካ ውስጥ የቀርከሃው ቡቃያ ብቅ ይልና ቀቅሎ ለሚበላው ድግስ ይሆናል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከጉባ ጋር በአንድ ክልል መሆናችንን ለመብራቱ የነገረው ያለ አይመስልም። ጎረቤቴ ኮኖቿን አስቀምጣ ወይባ ጢስ ታስገባለች፤ ጉድጓዱ ቤቷ ውስጥ ተቆፍሯል፣ እንጨቱ በበጋ ተገዝቷል። በእጅና በእግር ያጣቻትን ደንበኛ በጢስ ታገኛታለች። ሹሩባም ትሠራለች። እሱም ይፈታል፤ ይህቺ ሴት የማይፈታ ነገር ላይ እጇን አታስገባም።

የዘንድሮው አረፋ ግንቦት ላይ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ነው የሚውለው። ጎረቤታሞች ነንና ክርስቲያኖቹም ለአረፋ እጃቸውን ይሰጣሉ፤ እናቴም ባለፈው ዓመት ሰጥታለች። ከዚያ በፊት ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ስትል ነበር። እንደ ንግሥት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ዘርግታ፣ ጎረቤቴ ስትሠራ በዓይኗ ስትከታተል ቆየችና ዋጋ ጠየቀች። ዋጋው ተነገራት።

«ስንት?»

«ለእርስዎ ቀንሼ ነው እማማ።»

«የእኔ ነቃሽ በአንድ ቁና ማሽላ ይሄንን ሁሉ ነቀሰችኝ» አለች እናቴ አንገቷን አቅንታ። «አርባ ዓመት አለፈው፣ ያው አለ። አንቺ በሁለት ሳምንት ለሚጠፋ ይህን ያህል?»

ጎረቤቴ ኮኑን ሳታነሳ ቀና ብላ አንገቱን በባለሙያ ዓይን መረመረችው።

«ነቃሿ ዛሬ የት አለች እማማ?»

«ምን አውቄ፣ ያኔውኑ ሄደች።»

«በሏ፣ ሌላኛውን እጅ ያምጡ።»

እናቴ ሌላኛውን እጅ ሰጠቻት፤ ሂሳቡን ግን እኔ እንድከፍል በዓይኗ ነገረችኝ።